አረሙ ጥግ ላይ፣ ርጭቱ ማሳው ሁሉ ላይ

ባለፈው ሳምንት ሰንዳፋ አካባቢ አንድ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ጉዳዩ የኩታ ገጠም ስንዴ አረም ነው። ከገበሬዎቹ አንዱ ተነሱና «መድኃኒቱን አረም ያለበት ቦታ ላይ ብቻ ብንረጨውስ?» ብለው ጠየቁ። መድረክ ላይ የነበሩት ኃላፊ ፈገግ አሉ። «እሱ ድሮንና ሳተላይት ላለው ነው። ለባለ ሁለት ጥማድ ገበሬ ቅንጦት ነው» አሉ። ከዚያ ተወሰነ፤ ኩታ ገጠሙ በሙሉ፣ አረም ያለበትም የሌለበትም፣ በአንድ ቀን በዘመቻ ይረጫል። ተጨበጨበ። ሻይ መጣ።

ሻዩ አልወርድ አለኝ።

ቅንጦት ማለት እኮ ንጹሕ ማሳ ላይ በውድ የተገዛ መድኃኒት ማፍሰስ ነው። አሜሪካ ውስጥ ጆን ዲር የተባለው የእርሻ ማሽን ኩባንያ የሚሠራው መርጫ 36 ካሜራ ተደርድሮበታል፤ አረም ሲያይ ብቻ ነው የሚረጨው። ለምን 36 ካሜራ አስፈለገው? ባለቤቱ ማሳውን በእግሩ ዞሮ ስለማይጨርሰው ነዋ! ካሜራው የተሠራው የኛ ገበሬ ሁለት ዓይን በነጻ የሚሠራውን ሥራ ለመተካት ነው። ማሳው ማነሱ እንደ ችግር መቆጠሩ ነው እኔን ያበገነኝ።

ከስብሰባው በኋላ ከጠያቂው ገበሬ ጋር ማሳቸውን ዞርን። ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ሙጃ የሚባለው አረም ያለው ውኃ በሚተኛበት በቦዩ ዳር ነው። ስንዴ የሚመስለው አረም፣ ሲናሩ ደግሞ ታች ድንበሩ ጋ፤ «ዓምና ከተበደርኩት ዘር ጋር የመጣ ነው» አሉኝ። ለእኔ ሁሉም ስንዴ ነው። ጋሼ ጎንበስ አሉና አንዱን ነቅለው ቅጠሉ ግንዱን የሚያቅፍበትን ቦታ አሳዩኝ። ስንዴ እዚያ ጋ ትንንሽ ጆሮ አለው፣ ሲናር ጆሮ የለውም። በቃ፣ ይኸው ሳተላይቱ! የቀረው ማሳ ንጹሕ ነው፣ ከአምስት እጅ አራቱ።

እስቲ እናስላው። ለሄክታር 200 ሊትር ውኃ ካልን ለአንድ ጥማድ፣ ማለትም ለሩብ ሄክታር፣ 50 ሊትር ነው። በ16 ሊትሩ የጀርባ ፓምፕ ሦስት ጊዜ ተሞልቶ ትርፍ ይፈልጋል። አረም ያለበትን ብቻ ከረጩ 10 ሊትር፣ አንድ ፓምፕ እንኳ አይሞላም። ያን ሁሉ ተሸክሞ ጭቃ ውስጥ የሚመላለሰው፣ ጓንት አጥቶ እጁን በፌስታል ጠቅልሎ በጠርሙስ ክዳን የሚለካው ማን እንደሆነ መድረክ ላይ አልተነሳም።

የባሰው ደግሞ መድኃኒቱ ነው። ለዘመቻው የታሰበው ቱ ፎር ዲ የሚባለው የአረም መድኃኒት ነው። ቱ ፎር ዲ ቅጠለ ሰፊውን አረም ነው የሚገድለው፤ ሙጃና ሲናር የሣር ዘር ስለሆኑ አይነካቸውም። እና ጋሼ ማሳ ላይ ያለው አረም ሙጃና ሲናር ሆኖ ሳለ ምኑን ነው የምንረጨው? የሚነካውማ የጎረቤታቸውን ምስር ነው። ዓምና በዘመቻው ቀን ነፋስ ነበር፣ ቀኑ ግን ተቆርጧልና አልተላለፈም። በሳምንቱ ምስሩ ተጠማዞ፣ ቅጠሉ ተጨማዶ ቀረ። ካሳ? ኧረ ተዉት። ሪፖርቱ ላይ ግን «ይህን ያህል ሄክታር ተረጨ» ተብሎ በደንብ ተጽፏል። ሄክታር እንጂ አረም የሚቆጥር የለም።

ማዳበሪያም ላይ እንዲሁ ነበርን። ደጋ ይሁን ቆላ፣ መረሬ ይሁን ቀይ አፈር፣ ለሄክታር 100 ኪሎ ዳፕ፣ 100 ኪሎ ዩሪያ። ስንት ዓመት ኖርንበት! ኋላ አፈሩ ተመርምሮ ካርታ ተሠራለት፣ ዳፕም ኤንፒኤስ በተባለ ሌላ ማዳበሪያ ተተካ። አፈር እንደየቦታው ይለያያል ማለት ያኔ ቅንጦት አልተባለም። አረም ሲሆን ምን ተፈጠረ?

«ዋግስ?» የሚለኝ አይጠፋም። እሺ፣ ዋግ የስንዴ በሽታ ነው፣ በነፋስ ይሄዳል፤ በ2002/03 ቢጫ ዋግ ስንዴያችንን ምን እንዳደረገው አልረሳሁም። እሱ በጊዜ ካልተደረሰበት ሰፋ አድርጎ መርጨት ይመጣል። ቢሆንም መጀመሪያ የታየበትን ቦታ ለማግኘትም ማሳው ውስጥ መግባት ግድ ነው። ደግሞ ስብሰባው ስለ አረም እንጂ ስለ ዋግ አልነበረም።

ፓምፖቹ ማክሰኞ ይመጣሉ ተብሏል። ትናንት ስደውል ጋሼ ማሳ ላይ ነበሩ። ሲናሩ ዙሪያ አራት እንጨት ተክለው ቀይ ፌስታል አስረውበታል፤ ከልጆቻቸው ጋር በእጅ ሊነቅሉት ነው። «ማክሰኞ ሲመጡስ?» አልኳቸው።

«የኔ ተረጭቷል እላቸዋለሁ። ማን ገብቶ ያያል?»