ዙሪያውን ማን ይሄዳል?

ጅማዎች፣ ዛሬ ልቆጣ ነው። የምጀምረው ግን ከሟቹ ነው።

የጎረቤቴ ልጅ ነው። አርባው ገና አልወጣም። ሃያ አንድ ዓመቱ ነበር። «ጋሼ» እያለኝ ያደገ፣ ሐሙስ ሐሙስ የእናቱን ዕቃ ተሸክሞ ገበያ የሚያደርስ ልጅ። አዲስ አበባ አክስቱ ጋ ሲሄድ እናቱ ሁለት ኪሎ ቡናና አንድ በርጩማ አስያዘችው። የእኛው በርጩማ፣ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለው ባለ ሦስት እግሩ። አክስትየዋ «እሱ ላይ ቁጭ ብዬ ቡና ሳፈላ ጅማ ያለሁ ይመስለኛል» እያለች ስትጠይቅ ከርማለች።

አብሮት የነበረው ጓደኛው እንደነገረን፣ ከታክሲ ወርደው የቀላል ባቡሩ ሐዲድ ጋ ደረሱ። የአክስቱ ቤት ማዶ ነው። መሻገሪያው ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው፤ አምስት ደቂቃ ቢያስኬድ ነው። እሱ ግን አጥሩ የት ጋ ለመዝለል እንደሚመች ያውቃል። በርጩማውን አሳለፈና ዘለለ። ባቡር እየመጣ ነበር። ልጁ ደንባራ አይደለም፤ ቆሞ አሳለፈው። የባቡሩ ጭራ እንዳለፈው ተራመደ።

ሐዲዱ ግን ሁለት ነው። ከወዲያ በኩል የሚመጣውን፣ የሚያልፈው ባቡር ከልሎት ነበር። ድምፁንም ውጦታል። ጓደኛው «ቆይ!» ብሎ ጮኋል። ማን ሰምቶ!

በርጩማው ጭረት እንኳ የለውም። ከአስከሬኑ ጋር ጅማ መጣ።

እዚህ ላይ የራሴን ልናገር። ያንን ቦታ ያሳየሁት እኔ ነኝ። አምና አብረን ሄደን፣ ልጁ ወደ መሻገሪያው መራመድ ጀምሮ ነበር። እጁን ይዤ መለስኩት። «ዙሪያውን ማን ይሄዳል? ና በዚህ» አልኩት። እኔ ቀድሜ ዘለልኩ። በዚህ ዕድሜዬ! እሱም ሳቀና ተከተለኝ። እናቱ ይህን አታውቅም። አንዱ ይህን ጽሑፍ ካነበበላት ዛሬ ታውቃለች። ለቅሶ ቤት አጠገቧ ተቀምጬ ሦስት ቀን ሙሉ አፌ አልተከፈተም።

እዚያው ድንኳን ውስጥ ምን ስንል ነበር? «ቀኑ ደርሶ ነው።» እኔም ራሴን ነቅንቄአለሁ። ቀኑን እግዜር ያውቃል፤ አጥሩን የዘለልነው ግን እኛ ነን። አንዱ ደግሞ «ሹፌሩ ፍሬን አይዝም ነበር?» አለ። ይዟል እኮ! ባቡር ብረት በብረት ላይ ነው የሚሄደው። እንደ መኪና ጎማ አስፋልቱን ቆንጥጦ አይቆምም። መሪ የለውም፣ ወዴት ይታጠፍልህ? ይሄ ቀላሉ ነው። በ2009 ተመርቆ ጅቡቲ የሚመላለሰውማ ጭነት ሞልቶ ሲመጣ፣ ፍሬን ተይዞ እንኳ አንድ ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ሊሄድ ይችላል። ሁለቱም በኤሌክትሪክ ነው የሚሠሩት። እንደ ድሮው የለገሃር ባቡር እያጓራ አይመጣም። ሹፌሩ ወርዶ መሬት ላይ ተቀምጦ ነበር አሉ፣ ሁለት እጁን እያየ። እሱንስ ማን ለቅሶ ደረሰው?

ይቅር ማለት ያቃተኝ ግን ሌላ ነው። አስከሬኑን ለማምጣት ስንሄድ ቦታውን አየሁት። በማግስቱ ነው። ሰው እዚያው ጋ ይዘላል! አንዲት እናት ልጅ አዝላ አጥሩ ላይ ወጥታለች። ማዶ ያለው ሰውዬ እጇን ይዞ ይስባታል። ደግ ሰው መሆኑ ነው። ጮህኩ። ሰውዬው ዞር ብሎ አየኝና «አባባ፣ ምን ሆነዋል? ሁሌም በዚሁ እኮ ነው የምንሻገረው» አለኝ። ምን ልበለው? አምና በዚሁ ነበር የተሻገርኩት።

«ጅማ ባቡር የለ፣ ምን አገባን?» ትሉኝ ይሆናል። ይመጣል ሲባል ዓመታት አለፉ፣ እስካሁን የለም። ልማዳችን ግን ከእኛው ጋር አውቶቡስ ተሳፍሮ ይሄዳል። እዚህ ጅማ ከመርካቶ እስከ አጂፕ አስፋልቱን እንደ ቤታችን ግቢ ነው የምናቋርጠው። ኢሱዙ ሲመጣብን እጃችንን ዘርግተን «ቁም» የምንል ጀግኖች ነን። ባለ ባጃጅ ጡሩምባ ቢነፋ እንሰድበዋለን። ልጆቻችን ይህን ሁሉ ያያሉ።

መስከረም 2008 ቀላል ባቡሩ ሥራ ሲጀምር፣ ለማየት ብዬ ከጅማ ድረስ ሄጄ ተሰልፌ የተሳፈርኩ ሰው ነኝ። በመስኮት እያየሁ «አገሬ!» ብዬ እንባዬ መጥቷል። ያኔ አጥሩን ልብ አላልኩትም።

በቀደም የሟቹን ታናሽ ወንድም ሱቅ ልወስደው ወጣን። ዘጠኝ ዓመቱ ነው። አስፋልቱ ዳር ቆመን አንድ ትልቅ የጭነት መኪና አለፈ። እኔ እንደ ልማዴ እግሬን አነሳሁ። ልጁ የኮቴን ጫፍ ይዞ ጎተተኝ።

«ጋሼ፣ ቆይ። ከጀርባው ሌላ ይኖራል።»

ቆምኩ። ባጃጅ ነበረ።