እርማት፦ የአደን ፈቃድ የካዝና ገደብን አያነሳም

«አሜሪካ ውስጥ ጡረታ የወጣ ፖሊስና ፈቃድ ያለው አዳኝ የካዝና (የመሣሪያ ጥይት መያዣ) ገደብ አይመለከታቸውም» ብለሃል ወንድሜ። ብዙ ሰው እንዲህ ያምናል፣ ግን ልክ አይደለም። ሰው ሊያሳስር የሚችል ስህተት ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልፈለግኩም።

ፖሊሶቹ የሚጠቅሱት እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣውን ሊኦሳ የተባለ የፌዴራል ሕግ ነው። በጥቅሉ 10 ዓመት ያገለገለ ፖሊስ፣ መታወቂያና የታደሰ የተኩስ ብቃት ማረጋገጫ ከያዘ፣ በሌላ ግዛትም ሽጉጡን ደብቆ መያዝ ይችላል። በ2010 ሲሻሻል ጥይትም ተካተተ። ካዝና ግን በስሙ አልተጠቀሰም። ስለዚህ የግዛቱን ሕግ ማየት ግድ ነው። ለምሳሌ ኒው ጀርሲ ለነዋሪው 10 ጥይት የሚይዝ ካዝና ትፈቅዳለች። ለጡረተኛ ፖሊስ እስከ 15 ከፍ አድርጋለች። አስተያየት ተደርጎለታል፣ ግን እሱም ጣሪያ አለው።

የአዳኙ ነገር ደግሞ ጭራሽ የተገላቢጦሽ ነው። ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባት ኮሎራዶ ከ2013 ጀምሮ አዲስ የሚገዛ ካዝና ከ15 ጥይት በላይ እንዳይዝ ከልክላለች። የአደን ፈቃድ ይህን አያነሳም። እንዲያውም እንደ ኤልክ ያለ ትልቅ እንስሳ በከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ ሲታደን፣ በካዝናው ውስጥና ለመተኮስ ጠመንጃው ውስጥ የገባው ጥይት ተደምሮ ከ6 መብለጥ የለበትም። ዳክዬና ዝይ ለማደን የወጣ ሰው ሾትጋኑ በመደበኛው ደንብ ከ3 ጥይት በላይ መያዝ አይችልም። ይህኛው የፌዴራል ደንብ ነው፣ ከ1930ዎቹ ጀምሮ በሁሉም ግዛት ይሠራል።