ማስተካከያ፦ ስለ ማህፀን በር ካንሰር ምርመራ የተሳሳትኩት

ባለፈው ሳምንት ስለ ማህፀን በር ካንሰር ስጽፍ "ከ40 ዓመት በኋላ ወይም ምልክት ስታዩ ተመርመሩ" ብዬ ነበር። ሁለቱም ስህተት ነው፣ ይቅርታ። ጣና ዳር ቡና ስንጠጣ ነርስ ጓደኛዬ ናት "ደግሞ ምን ጻፍሽ?" ብላ ያፋጠጠችኝ።

ምርመራው ከ30 ዓመት ይጀምራል። ኤችአይቪ በደማቸው ላለ ሴቶች ደግሞ ከ25። በምልክቱ ጉዳይ የባሰ ነው የሳትኩት፤ የቅድመ ካንሰር ለውጥ አያምም፣ አያደማም፣ ምንም አይልም፣ ከግንኙነት በኋላ መድማት ወይም መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ እስኪመጣ ከጠበቅን ብዙ ጊዜ ነገሩ ገፍቷል። ምልክት ያየችማ ዕድሜ ሳትቆጥር ዛሬውኑ ትሂድ። ምርመራው ግን "ደህና ነኝ" ለምትል ሴት ነው።

ሌላው፣ "በአቼቶ ነው የሚታየው" ብዬ ነበርና ከዘጌ አንዲት እናት ቤት ውስጥ ይታጠቡበታል ወይ ብለው አስጠየቁኝ። ኧረ በፍጹም! ባለሙያ ከ3 እስከ 5 በመቶ የሆነ አሴቲክ አሲድ (አቼቶ ውስጥ ያለው አሲድ) የማህፀን በር ላይ ቀብቶ፣ አንድ ደቂቃ ያህል ጠብቆ፣ የነጣ ቦታ መኖሩን በዓይኑ ያያል። መድኃኒት አይደለም። ለውጥ ከተገኘ ብዙ ጊዜ በማቀዝቀዝ ወይም በሙቀት ይታከማል።

"አንዴ ከታየሽ በቃ" ያልኩትም ይሰረዝ። በዚህ መንገድ የታየች በየ3 ዓመቱ ትደግማለች። የማህፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት የተከተበችም ብትሆን ምርመራው አይቀርላትም። የቀድሞውን ለእናቶቻችሁ የላካችሁ፣ እባካችሁ ይሄንንም ላኩላቸው።