ለእንጦጦ ጨለማ እንተውለት

አዲስ አበባ ወደ ዳር እየሰፋች ነው። በእንጦጦ አድርጎ ወደ ሱሉልታ የሚወርድ ሰው ያውቀዋል፤ ቤቱም መብራቱም ይጨምራል። መብራት መግባቱ ደስ ይላል። እኔን የሚያሳስበኝ ወደ ላይ የሚባክነው ብርሃን ነው። እንጦጦ ላይ፣ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ባለ 1 ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች አሉን።

«ምን ሊያዩበት?» ለሚል አንድ ነገር ልንገረው። ፀሐይን የመሰለ ኮከብ ነዳጁን ሲጨርስ ያብጣል፤ የውጭ ጋዙንም ይበትናል። የሚቀረው ነጭ ድንክ ኮከብ ይባላል፤ መጠኑ መሬትን ቢያክል ነው። ስበቱ ግን እጅግ ከባድ ነው። ስለዚህ ከባዱ ንጥረ ነገር ሁሉ እንደ ጠላ አተላ ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ላዩ ላይ መቅረት ያለበት ሃይድሮጅን ወይም ሂሊየም ብቻ ነው። ሆኖም ከነጭ ድንኮች ከሩብ እስከ ግማሽ በሚሆኑት ላይ ካልሲየም፣ ማግኒዢየም፣ ሲሊከን፣ ብረት ይታያል። ከየት መጣ? ከኮከቡ ሞት የተረፉ ፕላኔቶች አለቶችን ከምህዋራቸው ያስወጣሉ። ወደ ኮከቡ አብዝቶ የቀረበው አለት በስበቱ ይሰባበራል፤ አቧራው እየዘነበ ከባቢ አየሩን ይበክላል።

ይህ ብክለት ለእኔ ትልቅ ስጦታ ነው። የሌላ ፀሐይ ፕላኔት ውስጡ ከምን እንደተሠራ በዚህ ልክ በቀጥታ የሚነግረን ሌላ ነገር የለም። እስካሁን ከተለኩት ብዙዎቹ የእኛን መሬት ይመስላሉ!

የዚህ ብክለት የመጀመሪያው ምልክት የታየው እ.ኤ.አ. በ1917 በካሊፎርኒያው ማውንት ዊልሰን የኮከብ መመልከቻ ጣቢያ በመስታወት ሰሌዳ በተነሳ ፎቶ ላይ ነበር፤ ትርጉሙ ግን ለአሥርተ ዓመታት አልታወቀም። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ ኬፕለር የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ ዳብልዩ ዲ 1145+017 የተባለውን ነጭ ድንክ ሲመለከት፣ አንድ እየተሰባበረ ያለ አካል በየ4 ሰዓት ተኩል እየዞረ ሲጋርደው ተገኘ። ብርሃኑ እስከ 40 በመቶ ይቀንስ ነበር። ከእንጦጦ ያነሱ ቴሌስኮፖች ሳይቀሩ ተከታትለውታል። ኮከቡ ያለበት የሰማይ ክፍል በበጋ ሌሊት አዲስ አበባ አናት ላይ ሊደርስ ምንም አይቀረውም። እንዲህ ያለ ግርዶሽ የደቂቃዎች ነገር ስለሆነ አሜሪካ ቀን ሲሆን እዚህ ነቅቶ የሚጠብቅ ያስፈልጋል።

ክረምቱን ደመና ይወስደዋል። የቀሩንን ወራት ለአምፖል አሳልፈን አንስጥ። በእንጦጦ ዙሪያ የሚተከል መብራት ክዳን ኖሮት ወደ መሬት ይብራ፤ አዲስ የግንባታ ፈቃድ ሲሰጥም ይህ አብሮ ይጠየቅ። የተተከሉትን ባለቤቶቹ በአንድ ከሰዓት ወደ ታች ሊያዞሯቸው ይችላሉ።