ነቅሎ መትከል፦ የተጠባባቂ አየር ክፍል ኤርፖርት ሲቀይር

ከዚራ፣ ዛፍ ጥላ ሥር፣ ጫቱ ገና እየተቀነጠሰ ሳለ ጥያቄውን የጣለው ትራንዚተሩ ነው። «አንድ ከተማ ኤርፖርቱ ላይ የሰፈረውን የተጠባባቂ አየር ኃይል ክፍል ሌላ ቦታ ሂድልኝ ቢለው፣ ወጪውን የሚችለው ማነው?» ድሬዳዋ ላይ ይህ የሰው አገር ወሬ ሆኖ አያልፍም። አባ ጤና ደጃዝማች ይልማ ኤርፖርት መንገደኛም ወታደርም የሚያርፍበት ሜዳ ነው። በነሐሴ 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ደጃፏ ሲደርስ የአየር ምድቡ ለከተማዋ ምን እንደዋለላት ዛሬም ይወራል። ስለዚህ ሁሉም የሚለው ነበረው፦ ትራንዚተሩ፣ ሰው ሁሉ «ሻምበል» የሚላቸው ጡረታ የወጡ የአውሮፕላን ጥገና ባለሙያ፣ ሥራው ኮንክሪትና አስፋልት የሆነ ኢንጂነር፣ ታወር ላይ የሚሠራ አንድ ወጣት።

ትራንዚተሩ ማስረጃ ያደረገው አሜሪካ ቺካጎ ያለውን የኦሄር ኤርፖርት ነው። እዚያ ሜዳ ጥግ ላይ ሁለት የተጠባባቂ ክፍሎች ሰፍረው ነበር። አንደኛው በአየር ላይ ነዳጅ የሚሞሉ ኬሲ-135 አውሮፕላኖች የነበሩት የኢሊኖይ አየር ናሽናል ጋርድ 126ኛ ክፍል ነው። ሁለተኛው በሲ-130 ጭነት የሚያመላልሰው የአየር ኃይሉ ተጠባባቂ 928ኛ ክፍል ነው። ከተማው ቦታውን ለሲቪል ሥራ ፈለገው። እ.ኤ.አ. በ1993 የጦር ሰፈሮችን የሚዘጋውና የሚያሸጋሽገው ኮሚሽን ጥያቄውን ተቀበለ፤ ግን በቅድመ ሁኔታ። ክፍሎቹ ወደ ሮክፎርድ ኤርፖርት ወይም የአየር ኃይሉ ሚኒስትር ወደሚስማማበት ሌላ ቦታ ይሂዱ፤ ከተማው ደግሞ የሕንፃዎቹን መተኪያና የማጓጓዣውን ሙሉ ወጪ፣ በእሱ ጥያቄ ምክንያት የሚጨመረውንም የአካባቢ ጽዳት ወጪ የሚሸፍን ገንዘብ እንዳለው አስቀድሞ ያሳይ፤ ከፌዴራል ካዝና ምንም አይውጣ፤ ሥራው እስከ ጁላይ 1995 ተጀምሮ በጁላይ 1997 ይለቅ፤ ይላል።

«አቦ፣ ከዚህ በላይ ምን ፍትሕ አለ?» አለ ትራንዚተሩ። «ቦታውን የፈለገ ይክፈል። ሦስት መስመር ነው፦ ሕንፃ፣ ማጓጓዣ፣ ጽዳት። እኔ ከጅቡቲ ሙሉ የፋብሪካ ማሽን አንስቼ እዚህ አስረክባለሁ፤ ይሄም ያው ዕቃ ማንሳት ነው።»

ኢንጂነሩ «ሕንፃ» የሚለው መስመር ላይ ያዘው። ለእሱ ዋናው ቤቱ ሳይሆን የሚቆምበት ሜዳ ነው። «ኬሲ-135 ሙሉ ጭነቱን ይዞ ሲነሳ 146 ቶን ገደማ ነው። በማኮብኮቢያው ላይ እየሮጠ ሲያልፍ ሜዳው ይችለው ይሆናል። አፕሮን፣ ማለትም አውሮፕላን ማቆሚያው ሜዳ ላይ ነዳጁን ሞልቶ በፀሐይ ሲቆም ግን ሌላ ነገር ነው። የጋለ አስፋልት የቆመ ጎማ ሲጫነው ቀስ እያለ ይሰረጉዳል። የፈሰሰ ነዳጅ ደግሞ ሬንጁን ያሟሟዋል። ለዚህ ነው ማቆሚያው ኮንክሪት፣ የመገጣጠሚያው መሙያም ነዳጅ የማይበላው መሆን ያለበት። ሃንጋሩም ቢሆን አውሮፕላኑን ለክቶ ነው የሚሠራው። የኬሲ-135 ክንፍ ከጫፍ ጫፍ 40 ሜትር ይጠጋል፤ ጭራው ከመሬት 12.7 ሜትር ይቆማል። የበሩ ቁመት ሁለት ሜትር ቢጎድል ጭራው ውጭ ቀርቶ ነው የሚጠገነው።»

«ነዳጁስ?» አሉ ሻምበል።

«እሱን ልል ነበር። አንዱ ኬሲ-135 እስከ 90 ቶን ነዳጅ ይይዛል። በሊትር 113 ሺህ ገደማ ነው። የአሜሪካ አየር ኃይል ሜዳ ላይ የሚጠቀምበት የነዳጅ መኪና 22,700 ሊትር ነው የሚይዘው፤ አንዱን አውሮፕላን ለመሙላት አምስት መኪና ማለት ነው። ስምንት አውሮፕላን በአንድ ጠዋት ይነሳ ቢባል 40 ምልልስ! ስለዚህ የነዳጅ ሞይ ክፍል ሲዛወር ከመሬት በታች የተዘረጋ ቧንቧ፣ በየማቆሚያው የሚከፈት አፍ፣ ትልቅ ታንከርና ፓምፕ አብሮ ካልተሠራ ክፍሉ ሄደ አይባልም። የነዳጁ ዓይነትም አለ። ወታደራዊው ጄፒ-8 ሲቪሉ ከሚቀዳው ጄት ኤ-1 ጋር መሠረቱ አንድ ነው፤ ግን ውኃው በረዶ እንዳይሠራ፣ ብረቱ እንዳይዝግ፣ ስታቲክ ኤሌክትሪክ እንዳይጠራቀም የሚጨመሩበት ነገሮች አሉ። አዲሱ ኤርፖርት ላይ እነዚህን የሚቀላቅል መሣሪያ ከሌለ የሲቪሉን ታንከር እንዳለ መጠቀም አይቻልም።»

ሻምበል እዚህ ላይ ጣልቃ ገብተው የተናገሩት ለብቻው ሊያዝ የሚገባው ነው። «ለአብራሪዎቹ መተንፈሻ የሚሆነው ፈሳሽ ኦክስጅን የሚሞላበትን ቦታ አስፋልት ላይ እንዳታደርጉት። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 183 ዲግሪ ነው። ሬንጅ ላይ ከፈሰሰና አስፋልቱ ከጠጣው ያ ቦታ ፈንጂ ሆነ ማለት ነው፤ መፍቻ ቢወድቅበት፣ ሰው ቢረግጠው ሊፈነዳ ይችላል። ኮንክሪት፣ ያውም ቅባት ያልነካው ኮንክሪት ነው የሚፈልገው። ሲያዩት ባዶ ሜዳ ስለሚመስል ዲዛይን ላይ የሚረሳው እሱ ነው።» ኢንጂነሩ ራሱን እየነቀነቀ አዳመጠ።

የታወሩ ልጅ የራሱን ቁጥር አመጣ። ሮክፎርድ ከባሕር ወለል በላይ 226 ሜትር ላይ ነው። ድሬዳዋ ከ1,150 ሜትር በላይ ናት። ቀትር ላይ 35 ዲግሪ ሲሆን አየሩ ስለሚሳሳ አውሮፕላኑ 2,200 ሜትር አካባቢ ላይ ያለ ያህል ነው የሚደክመው፤ የቦሌ ሜዳ ካለበት ከፍታ ብዙም አያንስም። «ስለዚህ ጋሼ፣ የእነሱን ዝርዝር እንዳለ ገልብጦ እዚህ ማምጣት አይሆንም። እዚያ የሚበቃው ማኮብኮቢያ እዚህ ግማሽ ጭነት ሊያስቀንስ ይችላል። አለበለዚያ በረራውን ሁሉ ወደ ንጋት ታመጡታላችሁ፤ ንጋት ላይ ደግሞ የመንገደኛውም አውሮፕላን አለ።» የጄት ተዋጊ ክፍል ቢሆን ደግሞ ማኮብኮቢያውን አቋርጦ የሚዘረጋ፣ አውሮፕላኑን ይዞ የሚያቆም ገመድ፣ ለጦር መሣሪያ ግምጃ ቤቱም ባዶ መሬት ይጨመራል ብሎ በአጭሩ አለፈው። የፈንጂው መጠን ስምንት እጥፍ ሲሆን ከሰው ቤት የሚጠበቀው ርቀት ሁለት እጥፍ ይሆናልና፣ ቤት እየከበበው ያለ ኤርፖርት ብዙ አያከራክርም።

ትራንዚተሩ አልተበገረም። «ይሄ ሁሉ እኮ ያው ሕንፃ ነው። ሒሳቡ ከፍ አለ እንጂ መስመሩ አልተቀየረም። ከተማው ይክፈል!»

ልጁ ግን ከተማው በሚያገኘው መሬት ፈንታ የሚያጣውን ነገር አነሳ፦ እሳት አደጋን። አሜሪካ ውስጥ ብዙ የጋርድ ክፍሎች የሲቪል ኤርፖርት መሬት ላይ በስም ብቻ በሆነ ኪራይ ይሰፍራሉ፤ በምላሹ የኤርፖርቱን የእሳት አደጋ ሥራ ይሸፍናሉ። ክፍሉ ሲሄድ መኪናውም ሰውም አብሮ ይሄዳል። በዓለም አቀፉ ደንብ ቦይንግ 737-800 ለሚያርፍበት ሜዳ ቢያንስ ሁለት መኪና፣ 12,100 ሊትር ውኃ፣ በደቂቃ 5,300 ሊትር የመርጨት አቅም ያስፈልጋል፤ ጥሪ ከደረሰ በሦስት ደቂቃ ውስጥም መርጨት መጀመር አለበት። «ይሄን በማግስቱ የሚተካ ከሌለ የኤርፖርቱ ደረጃ ይወርዳል፤ ትልቁ አውሮፕላን መምጣቱን ያቆማል። ቦታውን ለበረራ ብሎ አስለቅቆ በረራውን ማጣት ማለት ነው።»

እሳት ከተነሳ ጽዳቱም ተነሳ። ወታደራዊ ሜዳዎች ለነዳጅ እሳት ለአሥርተ ዓመታት የረጩት አረፋ ፒፋስ የሚባሉ፣ አፈር ውስጥ የማይበሰብሱ ኬሚካሎች ነበሩበት። ወደ ጉድጓድ ውኃ ይወርዳሉ። ኢንጂነሩ፣ «እንደ እኛ የሳቢያን ጉድጓድ የሚጠጣ ከተማ ይሄን መስመር በግምት ሊፈርም አይገባም» አለ። ልምምድ የሚደረግበት ቦታና የአረፋው መጋዘን ያለበት አፈር ተቆፍሮ ሳይመረመር ዋጋ ሊቆረጥለት አይችልም።

ከዚያ ተራው ወደ ማጓጓዣው ዞረ። ትራንዚተሩ እዚህ የሚበልጠው የለም ብሎ ነበር። ሻምበል ግን በእርጋታ ቅደም ተከተሉን ዘረዘሩለት። አውሮፕላኑ መጨረሻ ነው የሚሄደው። መጀመሪያ ጥቂት ቀዳሚ ሰዎች ሄደው ስልኩን፣ የሚስጥር መስመሩን፣ የመለዋወጫ መጋዘኑን ያቆማሉ። የሚስጥር መስመር ከሁሉ ረጅም ጊዜ ይወስዳል። ለአውሮፕላን የሚሰጠው መብራትም ከግድግዳ የሚገኘው አይደለም፤ 400 ኸርዝ ነው፣ መለወጫው ቀድሞ መተከል አለበት። ቀጥሎ ክሪኩ፣ የሞተር መቆሚያው፣ ጀነሬተሩ ይሄዳል። በሲ-130 የሚጫን ከሆነ 2.24 በ2.74 ሜትር በሆነ ፓሌት ላይ ታስሮ፣ ከ4.5 ቶን ሳይበልጥ፣ ተመዝኖ፣ የክብደት ሚዛኑ ተለክቶ ነው፤ አንዱ ሲ-130 ስድስት ፓሌት ይወስዳል። «ሚዛን ላይ ሳይወጣ በግምት ቁጥር የተጻፈበት ፓሌት ሙሉውን በረራ ያስቆማል» አሉ። «ጀነሬተሩ ውስጥ ነዳጅ ሞልቶ የመጣ፣ የባትሪው ጫፍ ያልተሸፈነ፣ እንዲሁ ይመለሳል። ቶርክ ሬንቹና መለኪያው ደርሶ ‹ይሠራል› አይባልም፤ መንገድ ላይ ተንቀጥቅጧልና እንደገና ካሊብሬት ሳይደረግ፣ ልኩ ሳይረጋገጥ፣ አንድ ቦሎን አያጠብቅም። ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ የትኛው አውሮፕላን መቼ ለትልቅ ምርመራ እንደሚገባ አይታችሁ ፕሮግራሙን ታስተካክላላችሁ። ካልሆነ ሁሉም ሲሄድ አንዱ ክሪክ ላይ ተሰቅሎ፣ ሞተሩ ወርዶ ይቀራል፤ ለእሱ ሲባል ግማሽ ወርክሾፕ አብሮ ይቀራል።»

«እሺ ሻምበል፣ ተሸነፍኩ፤ ከባድ ዕቃ ነው» አለ ትራንዚተሩ። «ግን አሁንም ዕቃ ነው።»

«ሰውየውስ?» አሉ ሻምበል።

ክርክሩ የጠነከረው ይኼኔ ነው። መደበኛ ወታደርን በትእዛዝ ታዛውረዋለህ፤ ቤተሰቡን ይዞ ይሄዳል። ተጠባባቂው ግን በሳምንቱ ቀናት ሌላ እንጀራ አለው። በወር አንድ ቅዳሜና እሑድ፣ በዓመት 15 ቀን ያህል ነው ለክፍሉ የሚሠራው። ኦሄር የዩናይትድና የአሜሪካን አየር መንገዶች ትልቅ ማዕከል ነው፤ ሰኞ የአየር መንገድ ሞተር የሚፈታ ሰው ቅዳሜ የጋርዱን ሞተር ለመፍታት የሚመች ሜዳ ነበር። ሮክፎርድ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ከድሬ ተነስቶ ሐረርን አልፎ ጅግጅጋ ከመድረስ ያነሰ ነው። መጨረሻ ላይ የሆነው ግን ሌላ ነው። ሮክፎርድ ቀረ። 928ኛው እ.ኤ.አ. በ1997 ፈረሰ። 126ኛው በ1999 ሴንት ሉዊስ አጠገብ ወዳለው ስኮት የጦር ሰፈር ሄደ። በመኪና ከ450 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከድሬ አዲስ አበባ ለመድረስ ጥቂት የጎደለው መንገድ።

«ለሁለት ቀን ሥራ በየወሩ ያን የሚመላለስ ስንት ነው?» አሉ ሻምበል። «የሚቀረው ደግሞ ትኩሱ ልጅ አይደለም፤ ቤትና ሥራ ያለው፣ አውሮፕላኑን በድምፁ የሚያውቀው ነው የሚቀረው። የዚያን ሰው ምትክ ለማፍራት ዓመታት ነው።»

ትራንዚተሩም ባዶ እጁን አልነበረም። ስኮት ዝግጁ ሰፈር ነበር፤ አጠገቡ ሚድአሜሪካ ኤርፖርት በ1997 ሲከፈት 3,000 ሜትር ያለፈ ተጨማሪ ማኮብኮቢያ ይዞ መጣ። ሴንት ሉዊስም የሚመለመል ሰው አያጣም። «ክፍሉ ዛሬም እዚያው ነው፣ ዛሬም ኬሲ-135 ያበራል። ሞተ ወይ? አልሞተም።»

«ቁጥሩ አልሞተም» አሉ ሻምበል።

እኔ በዚህ ክርክር ሻምበልን ነው የምደግፈው። ትራንዚተሩ ማን ይክፈል በሚለው ትክክል ነው፤ ቦታውን የጠየቀው ወገን ሙሉውን መቻሉ፣ ገንዘቡንም ከመነቀሉ በፊት ማሳየቱ ጥሩ ደንብ ነው። ግን የ1993ቱ ዝርዝር ሕንፃን፣ ማጓጓዣንና ጽዳትን ቆጥሮ ሰውን አልቆጠረም። ሳይቆጠር የቀረ ወጪ ደግሞ አልጠፋም፤ ከከተማው ላይ ወርዶ በክፍሉ ላይ፣ በየወሩ መንገድ ላይ በሚያድረው ቴክኒሺያን ላይ ነው የወደቀው። የስኮት ምርጫ ለሜዳው ትክክል ነበር፤ 113 ሺህ ሊትር የሚጠጣ አውሮፕላን ዝግጁ የጦር ሰፈር ላይ ይሻለዋል። ለሰዎቹ ግን ሮክፎርድ ይሻል ነበር፤ ልዩነቱም በብር ተተምኖ ውሉ ላይ መግባት ነበረበት። 126ኛው ከመንገደኛ ጋር ከሚጋራው ሜዳ ተነስቶ የሄደው እንደገና ከመንገደኛ ጋር ወደሚጋራው ሜዳ መሆኑ ደግሞ፣ መጋራት በራሱ ችግር ነው የሚለውን ክርክር ውኃ የሚያስበላ ነው።

እንዲህ ያለ ዝውውር የሚያቅድ ሰው ከአፈር ምርመራውም ከሃንጋሩም በፊት የክፍሉን አባላት የቤት አድራሻ ይዞ ካርታ ላይ ያስፍር። ከአዲሱ ሜዳ የሁለት ሰዓት መንገድ ውስጥ ስንቱ እንደወደቀ ይቁጠር፤ በየሙያው ለያይቶ ይቁጠር፤ ሞተር፣ ነዳጅ ሲስተም፣ አቪዮኒክስ (የአውሮፕላኑ ኤሌክትሮኒክስ)፣ በአየር ላይ ነዳጅ የሚያስተላልፈውን ቧንቧ (ቡሙን) የሚያንቀሳቅሰው፣ አብራሪው። ከአንዱ ሙያ ግማሹ ከጎደለ የምትክ ሥልጠናውና የአዳር አበሉ አራተኛ መስመር ሆኖ ከተማው በሚያሳየው ገንዘብ ውስጥ ይግባ። አምስተኛው መስመር የእሳት አደጋው ነው፤ የመጨረሻው ወታደራዊ መኪና ከበሩ ከመውጣቱ በፊት ተተኪው መኪና ውኃውን ሞልቶ፣ ሦስቱን ደቂቃ ተለክቶ ቆሞ መገኘት አለበት። ትራንዚተሩ ይህን ሲሰማ፣ አምስት መስመር ከሆነ ብዙ ከተማ ጥያቄውን ይተዋል ብሏል። እኔም ይተው ነው የምለው።