የዲዛይን ስህተት ዘግይቶ ቢወጣ ማን ይክፈል? የጠበቃና የመሐንዲስ ክርክር

ጥያቄው እንዲህ ነው። ሕንፃው ተረክቦ ዓመታት ካለፉ በኋላ የዲዛይን ስህተት ቢገኝበት፣ ንድፉን የሠራው መሐንዲስ እስከ መቼ ይጠየቅ? ጠበቃዋ “ስህተቱ ከታወቀ ጀምሮ ይቆጠር” ትላለች። መሐንዲሱ “በቃ የሚባልበት ቀን ይኑር” ባይ ነው። ከፍትሐ ብሔር ሕጉ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጠበቃዋ፦ በአፓርታማ ገዢ ዓይን እንየው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 3039 ተቋራጩን ካስረከበበት ቀን ጀምሮ ለ10 ዓመት ዋስ ያደርገዋል። ይህን የሚያሳጥር ውል ቢፈርሙም አይሠራም። ግሩም! ግን የሚይዘው ተቋራጩን ነው፣ የሚያወራውም ስለ አሠራር ጉድለትና ስለ መሬቱ ጠባይ። ሕጉን ያረቀቁት ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ናቸው፤ በአገራቸው የ10 ዓመቱ ዋስትና አርክቴክቱንም ይጨምራል። ገዢው ደግሞ ከዲዛይነሩ ጋር ውል የለውም። የሚቀረው ከውል ውጭ ኃላፊነት ነው፣ ማለትም ውል ሳይኖር በጥፋቱ ጉዳት ያደረሰ የሚክስበት፣ እሱም በቁጥር 2143 ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ ካልተከሰሰ ይርጋ ያግደዋል። ልብ በሉ፣ ከታወቀበት ቀን አይደለም፣ ከደረሰበት። ኮርኒስ የሸፈነው ቢም፣ ፎቁን የተሸከመው አግዳሚ፣ ሲሰነጠቅ ማን ያያል?

መሐንዲሱ፦ እህቴ፣ ቢሙ ሲሰነጠቅ ሁሉም ጣቱን የሚቀስረው ወደ እኔ ነው። እኔ የጥንካሬ ደረጃው ሲ 25 የሆነ ኮንክሪት ብዬ ጽፌያለሁ፤ ሳይት ላይ ቶሎ እንዲፈስላቸው ውሃ ይጨምሩበትና ጥንካሬው ይወርዳል። ባለ 16 ሚሊ ያልኩት ብረት ከገበያ ሲጠፋ በባለ 14 ይሞላል። ከዚያ ባለቤቱ ጂ ፕላስ 4 ብዬ ባሰላሁት ላይ አንድ ፎቅ ይቀጥላል፣ ጣሪያው ላይ ሮቶ ይደረድራል፣ አንደኛ ፎቁን መጋዘን ያደርገዋል። በ3ኛው ዓመት ብትከሱኝ ኪዩብ ቴስቱም (የኮንክሪቱ ጥንካሬ ምርመራ) የሳይት መዝገቡም ይገኛል። በ20ኛው ዓመት ምን ይዤ ልከራከር? አማካሪ ድርጅቱ ራሱ ተዘግቶ ይሆናል። ደግሞስ በየትኛው ኮድ ነው የምትለኩኝ? የ1995ቱ የግንባታ ኮድ በ2015 የአውሮፓውን በተከተለ ኮድ ተተክቷል።

ጠበቃዋ፦ ኢንጂነር፣ በኮዱ እስማማለሁ፤ መለካት ያለብዎ በሠሩበት ዘመን ኮድ ነው። ማስረጃ ግን ለሁለታችንም ይጠፋል፣ የማስረዳት ሸክሙም የከሳሹ ነው። እንግሊዞች ይህን በደንብ ቀምሰውታል። አንድ ፋብሪካ በ1969 ወደ 49 ሜትር የሚረዝም የጭስ ማውጫ አሠራ። ለውስጥ ሽፋኑ የተመረጠው ማቴሪያል ለሥራው የሚሆን አልነበረም። ፍርድ ቤት እንዳረጋገጠው ጫፉ አካባቢ ቢዘገይ በኤፕሪል 1970 ተሰነጠቀ። ባለቤቱ ያወቀው በ1977 ነው፤ በ1978 አማካሪ መሐንዲሶቹን ከሰሰ። የመጨረሻው ችሎት “ለመክሰስ የተፈቀደው 6 ዓመት የሚቆጠረው ከተሰነጠቀበት ጊዜ ነው” ብሎ ባዶ እጁን ሰደደው። ማን 49 ሜትር ወጥቶ ስንጥቅ ይፈልጋል? በ1986 ሕጉ ተሻሻለና ካወቁ በኋላ 3 ዓመት ተሰጠ።

መሐንዲሱ፦ ግማሹን ዋጡት እኮ! ያው የ1986ቱ ሕግ ጣሪያ አለው፤ አወቁም አላወቁም 15 ዓመት ካለፈ አበቃ። እኔስ ምን አልኩ?

ጠበቃዋ፦ እሱንም ቢሆን ለመኖሪያ ቤት አላለፉትም? በ2017 የለንደኑ ግሬንፌል ሕንፃ ተቃጥሎ 72 ሰው አለቀ፤ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የሄዱ ቤተሰቦችም ልጆቻቸውን አጥተዋል። የ2022ቱ ሕግ ከዚያ መጣ፦ ለመኖሪያ ብቁ ሳይሆን ለተሠራ ቤት ወደ ኋላ 30 ዓመት ድረስ መክሰስ ተፈቀደ። ዲዛይነርም አይቀርለት።

መሐንዲሱ፦ 30 ዓመት! ፈርደው ከየት ሊያስከፍሉ ነው? ፈረንሳይ ዲዛይነሩን ለ10 ዓመት ስትይዝ በ1978ቱ ሕግ ኢንሹራንስም ግዴታ አድርጋለች። እዚህ ጡረታ የወጣ መሐንዲስ ከሰው ቢረቱ ምን ሊወስዱ ነው፣ ሶፋውን? ደንበኛው በዝቅተኛ ዋጋ አወዳድሮ ንድፍ ይገዛል፣ አንዱም ፈቃዱን አከራይቶ ማህተም ይመታለታል። መጀመሪያ ኢንሹራንሱን አምጡ፣ ዓመቱን ከዚያ እንነጋገር።

ጠበቃዋ፦ ኢንሹራንሱ ይምጣ፣ ማን ጠላው። ግን የኢንሹራንስ ድርጅቱ አረቦኑን ከመተመኑ በፊት የሚጠይቅዎ “ስንት ዓመት ነው የሚጠየቁት?” ብሎ ነው። ያንን ቁጥር ሕጉ ካልጻፈው እርስዎ ምን ይሉታል?