እቴጌን በፍሬም ለሰቀላችሁ ሁሉ፣ እጃችሁ ይባረክ

መቼም ስንወድ ለጉድ ነው። እቴጌ ጣይቱ ብጡል ያልተሰቀሉበት ግድግዳ አሁን ከወዴት ይገኛል? ካፌው ሰቅሏል፣ ሆቴሉ ሰቅሏል፣ የጥርስ ሐኪሙ ሰቅሏል። ፀጉር ቤት ካስክ ስር ቁጭ ብላችሁ ቀና ስትሉ እሳቸው ናቸው። ሒሳብ ልትከፍሉ ባንኮኒው ጋ ስትቆሙም እሳቸው፤ ከጎናቸው የዋይፋይ ፓስዎርድ ተለጥፏል። ከዚህ በላይ ክብር ምን አለ? እኔ በበኩሌ ይበል ብያለሁ።

አሠራሩም ቢሆን መደነቅ አለበት። ፎቶው ከኢንተርኔት ሲወርድ ጥፍር ታህላለች፣ ማተሚያ ቤት ገብታ ስትወጣ በር ታህላለች። ፍሬሙ ወደ ጎን ሰፋ ያለ እንደሆነ እቴጌም አብረው ይለጠጣሉ፤ ትንሽ ወፈር ይላሉ እንጂ ምን ይሆናሉ። ከዚያ ፊታቸው "ይጸዳል"። ባለፈው አንድ ካፌ ያየሁት ላይ፣ ኮምፒውተሩ ላይ የተቀመጠው ልጅ ምን እንደነካው እንጃ፣ ቅንድባቸው ተቀንድቦ፣ ቆዳቸው ሁለት ደረጃ ቀልቶ፣ ከንፈራቸው ላይ ሮዝ ነገር ጣል ተደርጎ፣ ዓድዋ የሚዘምቱ ሳይሆን ሚዜ ሊሆኑ የተዘጋጁ ይመስሉ ነበር። የፍሬሙ ላስቲክ ጥግ ጥጉ ላይ እስካሁን አልተላጠም። አቧራ እንዳይነካቸው ነዋ!

አንዳንዱማ ጭራሽ የንግሥት ዘውዲቱን ፎቶ አሳትሞ "እቴጌ ጣይቱ" ብሎ በወርቅማ ፊደል ጽፎበታል። ስህተት እንዳይመስላችሁ። ፍቅር እንዲህ ሲበዛ ሴትየዋ ማን እንደሆኑ መጠየቅ ራሱ ነውር ነው። የእንጀራ እናትና የእንጀራ ልጅ ናቸው፣ ከቤተሰብ አልወጣ! ሁለቱም ዘውድ ደፍተዋል፣ ሁለቱም ፍሬሙ ውስጥ ይገባሉ።

ከስር ደግሞ ጥቅስ አለ። ስለ ውጫሌ ውል ተናገሩት የሚባለው። ሦስት ቦታ አንብቤው ሦስቱም ጋ ቃሉ ለየቅል ነው።

እሳቸው በሕይወት ሳሉ ይህን ሁሉ ግድግዳ አላገኙም። መቀሌ ላይ ምሽግ ውስጥ የገባውን የጣሊያን ጦር ውኃውን ይዘን እናስጨንቀው ያሉት እሳቸው ነበሩ፤ ተሳካም። አዲስ አበባ የሚለውን ስም ያወጡትም እሳቸው ናቸው። ሆኖም በ1902 ምኒልክ ታመው ሳለ መኳንንቱ ከመንግሥት ሥራ ገለል አደረጓቸው፣ ንጉሡ ሲሞቱ እንጦጦ ማርያም ወጡ፣ እዚያው በ1910 አረፉ። አያችሁ፣ የዚያን ጊዜ ሰው የማይመቸው ነገር ነበረበት፤ እቴጌ ይናገሩ ነበር። እኛ ይኼን ችግር በመስታወት ፈትተነዋል።

ከሁሉም ግን የቢሮ ጣይቱን የሚያህል የለም። አንድ ጊዜ የሠራሁበት መሥሪያ ቤት፣ ስሙ ይቅር፣ ስብሰባ ክፍሉ ውስጥ ከኃላፊው ወንበር በላይ ተሰቅለዋል። የካቲት 23 ዋዜማ ኃላፊያችን ከስራቸው ቆሞ ንግግር አደረገ። እንዴት ያለ ንግግር! በ1881 የተፈረመውን ውል አንቀጽ 17 አንስቶ፣ አማርኛው "ይቻላቸዋል" ሲል የጣሊያንኛው ቅጂ ግዴታ አድርጎት እንደነበር፣ ከአንዲት ግሥ ጦርነት እንደመጣ፣ እቴጌም ንቅንቅ አልልም እንዳሉ፣ ጠረጴዛውን እየደበደበ ተረከልን። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። እኛም አጨበጨብን፣ ዳቦ ተቆረሰ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ እዚያው ክፍል ተሰበሰብን። የፎቶ ኮፒ ማሽኖቹ የጥገና ውል ሊፈረም ነው። አንዲት ልጅ ነበረች፣ ከፋይናንስ፣ ድምፅዋ ቀጭን ነው። "ይቅርታ፣ አንድ ነገር ልበል" አለች። አማርኛው ቅጂ ተጨማሪ ክፍያ "ሊጠየቅ ይችላል" ይላል፣ እንግሊዝኛው ግን በየሦስት ወሩ የግድ ይከፈላል ነው የሚለው፤ ደግሞ ልዩነት ቢፈጠር የሚጸናው እንግሊዝኛው ነው፤ ስለዚህ ሳይፈረም ቢስተካከል።

ፈጥሬ የማወራ ይመስላል፣ አውቃለሁ። እኔም ያኔ ቀና ብዬ ፍሬሙን አየሁ።

ኃላፊያችን ሳቅ አለ። "አንቺ ደግሞ ነገር ታከሪያለሽ፣ እህቴ። አንድ ቃል ምን ታመጣለች?" አለና እስክሪብቶውን አነሳ። አንድ ሁለት ሰው አብሮ ሳቀ። እኔ? እኔ ስልኬን አየሁ። በዚያች ሰዓት እቴጌ ከበላዩ ሆነው የሚያዩት ቀጥታ ራሰ በራው ላይ ነበር፤ የሰቀላቸው ሰው አስቦበት ከሆነ አላውቅም።

ሦስት ወር ሞላ። የክፍያ መጠየቂያው መጣ። "ይኼን ውል ማነው ያነበበው?" ተብሎ ተጮኸ። ያነበበችውን ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አልተናገረም። ከዚያ በዚያው ስብሰባ መጨረሻ ላይ፣ ልዩ ልዩ ጉዳዮች በሚለው ስር፣ አንድ ይበል የሚያሰኝ ውሳኔ ተላለፈ። የእቴጌ ፎቶ ለክፍሉ አንሷል፣ በካንቫስ በትልቁ ይታተም ተባለ። ኃላፊያችን ወደ ልጅቷ ዞሮ "አንቺ ተከታተይው፣ የሴት ጉዳይ ነው" አላት።

በሳምንቱ ካንቫሱ መጣ። ልጅቷ የማተሚያ ቤቱን ደረሰኝ ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ አንብባ፣ አንድ ቁጥር አስተካክላ፣ ፈረመች።